«አንተ ሂድ፣ ግዴለም»

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጀርመን አገር ነው። ባለቤቴ 28 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ባለፈው ዓመት በ67 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ኖሬ፣ ጀርባዬና ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ከእሱ ቀደም ብዬ አቆምኩ። 36 ዓመት በትዳር ቆይተን ሦስት ልጆች አሳድገናል። እኔ ከሥራ ስገባ እሱ ይወጣል፤ ቡናውን በፔርሙዝ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ እተውለት ነበር። ኑሯችን እንደዚያ ነበር፤ ተጣልተንም አናውቅም።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር አንድ ጀርመናዊ የድሮ የሥራ ባልደረባው እስፔን ስላለው፣ ተሳላሚዎች በእግራቸው ስለሚሄዱበት የሳንቲያጎ መንገድ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ጫማ፣ ቦርሳና ካርታ ሆነ። ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ ወጥቶ ነበርና «ያን ነው የሚያስታውሰኝ» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። በግንቦት ከፈረንሳይ በኩል፣ ከሴንት ዣን ጀመርን። በሁለተኛው ቀን ወደ ዙቢሪ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ተነሳብኝ። ከዚያ በኋላ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆንን። «አንተ ሂድ፣ ግዴለም፣ እደርሳለሁ» እለዋለሁ፤ ይሄዳል። በሰባተኛው ቀን ቪያና የምትባል ከተማ ካፌ ተቀምጦ ደረስኩበት። ቦርሳዬን ሳላወርድ ተነሳ። «ትንሽ ልቀመጥ» ብለው፣ «እኔ እዚህ የመጣሁት አንቺን ልጎትት አይደለም» አለኝ። በየማደሪያው ስንገናኝ የከረምናቸው ሰዎች አጠገባችን ነበሩ። አማርኛ ባይሰሙም ድምፁን ሰምተዋል። እንደምንም ሎግሮኞ ገባሁ። በማግስቱ አውቶቡስ ጣቢያ «አንተ ጨርስ» አልኩትና በቢልባኦ በኩል ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እሱ እውነትም ጨረሰ። ከ25 ቀን በኋላ የምስክር ወረቀት ይዞ መጥቶ ሳሎን፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ሰቀለው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሚስቱን ሰው አገር መንገድ ላይ ጥሎ» ይላሉ። እህቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች ታባብሳለች። የንስሐ አባቴ ደግሞ «ከካቶሊክ መንገድ ምን አገናኛችሁ?» አሉኝ። እሱ አሁን «በሚቀጥለው ሚያዝያ ካቆምሽበት ከሎግሮኞ አብረን እንጨርሰው» ይላል። ስለ ቪያና ግን አንድም ቀን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ደግሞስ ሰው ባሏን በ63 ዓመቷ ነው የምታውቀው? የወረቀቱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ ከእሱ ስም ቀጥሎ የእኔ ስም ለምን እንደገባ አልገባኝም። ቋንቋው ላቲን ነው መሰለኝ።

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያቆመኝ አንድ ሐረግ ነው፦ «ቦርሳዬን ሳላወርድ ተነሳ»። ወደ ክፉው ቃል በኋላ እመለሳለሁ። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ግን ለቀናት ሲጠራቀም የቆየ ነገር አለ፤ በሒሳብ ላሳይዎ።

ከሎስ አርኮስ ተነስቶ በቪያና በኩል ሎግሮኞ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ባለቤትዎ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር፣ እርስዎ በዚያ ጉልበት ሦስት ተኩል ትሄዳላችሁ እንበል። በየሰባት ኪሎ ሜትሩ ለመገናኘት ብትቀጣጠሩ እሳቸው በ84 ደቂቃ ይደርሳሉ፣ እርስዎ በ120። በመሀሉ ባለው 36 ደቂቃ ቡና ጠጥተዋል፣ ካልሲ ቀይረዋል፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለዋል። እርስዎ ብቅ ሲሉ የእሳቸው ዕረፍት ያልቃል፤ ስለዚህ ይነሳሉ። ይህ ሎግሮኞ እስክትገቡ ሦስት ጊዜ ቢደገም እሳቸው 108 ደቂቃ ያርፋሉ። የእርስዎ ዕረፍት ዜሮ ነው። ጉልበቱን የታመመው ሰው ሳያርፍ፣ ጤነኛው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው አርፎ ቀኑ ይመሻል።

ሁለታችሁም ታዲያ ማታ ስትተኙ ተበድያለሁ ባይ ናችሁ። እሳቸው በልባቸው የሚቆጥሩት «ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት» ነው። እርስዎ የሚቆጥሩት «አንዴ እንኳ አላስቀመጠኝም» ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ለዚህ ነው በክርክር የማይፈታው። አብረው ረጅም መንገድ የሚሄዱ ጥንዶች ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ ራሴ ከባለቤቴ ጋር ገበያ በሄድን ቁጥር እገባለሁ፣ ያውም ያለ ቦርሳ።

የባለቤትዎን ሥራ ሲነግሩኝ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። 28 ዓመት ሙሉ የኖሩት በፌርማታ ነው። ፌርማታ ላይ ቀድመው ከደረሱ ሰዓቱ እስኪሞላ ይቆማሉ፣ ተሳፋሪ ሲገባ በሩን ዘግተው ይነዳሉ። ሾፌር ተሳፋሪው ከገባ በኋላ ለምን ይቆማል? ቪያና ካፌ ውስጥ የነበሩት እንደዚያ ይመስለኛል፦ ፌርማታ ላይ እንደቆመ ሾፌር። እርስዎ ደረሱ፤ በሩ ተዘጋ። ይህን የምለው ለማስተባበል አይደለም፤ ከመጥላት የመጣና ከልማድ የመጣ ነገር መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ባለቤትዎን አግኝቼ እንዳላነጋገርኳቸውና የሰማሁት አንድ ወገን ብቻ እንደሆነም አይርሱብኝ።

አሁን ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎንም ትንሽ ልወቅስ ነው።

«አንተ ሂድ፣ ግዴለም» በአማርኛችን ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። «እንዳትሄድ» ማለት ነው። እንግዳ ሲነሳ «ኧረ ቆዩ» እንደምንለው፣ እህል ሲቀርብልን «በላሁ» እንደምንለው ሁሉ፣ የሚሰማው ሰው ከቃሉ በታች ያለውን እንዲያነሳልን እንጠብቃለን። ይሉኝታችን ያስተማረን ወግ ነውና አላናንቀውም። ግን የሚሠራው የሚሰማው ሰው ፊትዎን ሲያይ ነው። ባለቤትዎ ሁለት መቶ ሜትር ፊት ሆነው የሚሰሙት ቃሉን ብቻ ነው። ለቀናት «ሂድ» አሏቸው፣ ሄዱ። አውቶቡስ ጣቢያ «ጨርስ» አሏቸው፣ ጨረሱ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ጥሏት ሄደ» ይላሉ፤ ባለቤትዎ ግን ምናልባት ልባቸው ውስጥ «ፈቅዳልኝ ሄድኩ» የሚል ሌላ ታሪክ ይዘው ነው የሚኖሩት።

ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ወገብ ሲያነሱ፣ የሰው ሕመም ሲሰሙ የኖሩ ሰው ነዎት። እዚያ የእርስዎ ወገብ ቢያምዎት ለማን ይነገራል? ዋጥ አድርጎ መቀጠል ነው። መጦሪያው ውስጥ ይህ ሙያ ነበር፤ ዙቢሪ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበትዎን ጎዳው፣ ትዳርዎንም አስቀየመው።

«ሰው ባሏን በ63 ዓመቷ ነው የምታውቀው?» ላሉት፣ የእርስዎን ዓይነት ኑሮ ለኖረ ሰው መልሴ አዎ ነው። 36 ዓመት ተጋብታችኋል፤ አንዱ ሲገባ አንዱ እየወጣ። ተጣልተን አናውቅም ያሉትን አምናለሁ፤ ለመጣላትም እኮ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት ያስፈልጋል። በፔርሙዝ የተተወው ቡና ፍቅር ነበር፣ አልክድም። ግን እንዲህ ባለ ኑሮ ማን ይፈጥናል፣ ማን ይዘገያል፣ ማን ሲደክመው ይቆጣል፣ ማን ሲያመው ዝም ይላል የሚለው ሁሉ ሳይፈተን ይቆያል። በስደት አገር በፈረቃ የኖሩ የእኛ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ እንደ አዲስ ተከራዮች ይተዋወቃሉ። ሌላው ጥንድ ይህን በሁለት ዓመት ቀስ እያለ ያገኘዋል፣ በቴሌቪዥን መክፈቻና በወጥ ጨው እየተጨቃጨቀ። እናንተ በሰባት ቀን አገኛችሁት፣ ፒሬኔ ተራራን ጨምራችሁ። መንገዱ ትዳራችሁን አበላሸው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ድሮ የነበረውን ገልጦ አሳያችሁ፤ ገለጣው ደግሞ አሳፋሪ ቦታ ላይ፣ ሰው ፊት ሆነ።

ጥንዶች አብረው አዲስ ነገር ሲሠሩ ይቀራረባሉ የሚለውን ምክር ባለቤትዎም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ የጡረታ መጽሔት ሁሉ ይጽፈዋል። ምክሩ ሥር አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንዳንዶቹን ጥንዶች በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ጎን ለጎን አስረው፣ በጉልበትና በእጃቸው እየዳኹ መሰናክል አቋርጠው ትራስ እንዲያደርሱ አደረጓቸው። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው። እነዚህ ጥንዶች አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ይልቅ ስለ ግንኙነታቸው የተሻለ ነገር ተናገሩ። ይህ ጥናት ሲጠቀስ ሁሉም የሚይዘው «አዲስ ነገር» የሚለውን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው ማሰሪያው ላይ ነው። እዚያ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ቀድሞ ደርሶ ቡና ማዘዝ አይችልም። አዲስ ነገር ሆኖ ሳለ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ከሆነ፣ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው የሄደው። ባለቤትዎ በ32 ቀን ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሄዱ። እርስዎ በሰባት ቀን 160። አብራችሁ የሄዳችሁት ምናልባት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።

160ውን ደግሞ አያሳንሱት። ለዚያ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ወረቀት ከእግረኛ የሚጠየቀው ሳንቲያጎ የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከእርስዎ ያነሰ ሄዶ ወረቀት የያዘ ብዙ ሰው አለ።

ወደ ቪያናው ቃል ልመለስ። የደከመን ሰው፣ ያውም ሚስትን፣ በሰው ፊት «አንቺን ልጎትት አልመጣሁም» ማለት ክፉ ቃል ነው። ሾፌርነት አያስተባብለውም፣ የእርስዎ «ግዴለም»ም አያስተባብለውም። ባለቤትዎ ይቅርታ ዕዳ አለባቸው። «ካቆምሽበት እንጨርሰው» የሚለው ግብዣ በእኔ ግምት በጓሮ በር የመጣ ይቅርታ ነው፤ ብዙ የአገራችን ወንዶች፣ በተለይ በዚያ ዕድሜ ያሉት፣ ይቅርታ በአፍ ሳይሆን በግብዣ፣ በስጦታ፣ «ምን ልግዛልሽ» በማለት ነው የሚጠይቁት። ቢሆንም በጓሮ የመጣውን ተቀብለው ዝም ካሉ ቪያና አብሯችሁ ይሄዳል።

ስለዚህ ጉዳዩን እርስዎ ያንሱት። ሽማግሌ አይግባበት፤ ገና ሁለታችሁ እንኳ ያልተነጋገራችሁበትን ነገር ሦስተኛ ሰው ሊሸመግል አይችልም። እህትዎንም ለጊዜው በዚህ ወሬ አያስገቧት፤ እሷ የምታውቀው እርስዎ በተናደዱበት ሰዓት የነገሯትን ብቻ ነው። ቡና ፈልቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ቀኑ ገና ሳይመሽ ይሁን። አረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፦ «ቪያና ላይ ያልከኝ ቃል አሁንም ያመኛል። ሰው ፊት ስለሆነ አፈርኩ። ሳትጨርስ እንድትመለስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጨርስ አልኩህ።» ሦስተኛው የእርስዎ ድርሻ ስለሆነ አይዝለሉት። «አንተ ሁልጊዜ» ብለው አይጀምሩ፤ «ሁልጊዜ» ካሉ በኋላ 36 ዓመት በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ ዝም ይበሉና ይጠብቁ። ዝምታቸው ቢረዝም አይሙሉላቸው፤ በተለይ «ግዴለም» ብለው እንዳይሞሉላቸው።

ስለ ንስሐ አባትዎ አጭር ነው የምለው፤ የሃይማኖቱ ጥያቄ የእሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም። መንገዱ የሚወስደው በስሙ ወደሚጠራው መቅደስ፣ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ነው፤ እሱን የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 17 ታስበዋለች። ከፈለጉ ይህን አንስተው ያወያዩዋቸው። ባለቤትዎ ላይ የቋጠሩትን ቁጣ በንስሐ አባት አፍ ማስነገር ግን ሌላ ነገር ነው። ወደዚያ እየተንሸራተቱ እንዳይሆን ራስዎን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ፎቶው። ከባለቤትዎ ስም ጋር፣ ከእርስዎ ስም ፊት ያሉት ሁለት ቃላት «ቪካሪዬ ፕሮ» ናቸው። «በእገሌ ፈንታ» እንደማለት ነው። ሳንቲያጎ ያለው የተሳላሚዎች ቢሮ፣ ለሞተ ወይም ታሞ መሄድ ላልቻለ ሰው በእሱ ስም መንገዱን የሄደ ተሳላሚ ከጠየቀ ይህን ይጽፍለታል። ተሳላሚው ካልጠየቀ አይጻፍም። ስለዚህ ባለቤትዎ፣ ከ32 ቀን መንገድ በኋላ፣ ላብ በላብ ሆነው እዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ስምዎን ፊደል በፊደል አስጽፈዋል ማለት ነው።

እርግጠኛ ነኝ ይህን ሲያነቡ ሁለት ነገር ይመጣብዎታል። አንዱ ያስለቅሳል፣ አንዱ ያናድዳል። ቁልቢን በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ድሬዳዋ ቆላ ነው፣ ቁልቢ ደጋ፣ በመሀሉ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ አለ፤ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ያን ዳገት ስለታቸውን ይዘው፣ አንዳንዱም ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣውን ሕዝብ አይተዋል። እናት ስለ ልጇ፣ ልጅ ስለ እናቱ ይሄዳል። እዚያ ያደገ ሰው የሚስቱን ስም በዚህ መልክ ሲያስጽፍ ተሸክሟት ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ እርስዎ አልሞቱም፤ ሕመምተኛ ነሽ ብሎ ያወጀብዎትም የለም። ሳይጠይቁዎት ስምዎን ከሟቾችና ከሕመምተኞች ተርታ ማስገባት፣ ከዚያም ሳሎን ሰቅሎ ዝም ማለት ምን ይባላል? እኔ ሁለቱንም አነባለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም በማታ ሶፋው ላይ አጠገብዎ ይቀመጣሉ። ወር ሙሉ ከዚያ ወረቀት ጋር ኖረው ትርጉሙን ከባለቤትዎ ሳይሆን ከእኔ መጠየቅዎ ራሱ ነገሩን ይነግረኛል። ይጠይቋቸው። «ስሜን ለምን አስጻፍከው?» ብቻ፤ በላቲኑ አዋቂ ሳይሆኑ።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላሉት፤ ከዚያ ወሬ በፊት ለሚያዝያ ቃል አይግቡ። «አልሄድም» ሙሉ መልስ ነው፤ ጉልበት ምክንያት እንዲሆን አያስፈልግም። ከተነጋገራችሁ በኋላ ልብዎ «ልሂድ» ካለዎት ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ከሎግሮኞ አይነሱ። ከሎግሮኞ ሳንቲያጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እሱም ሁሉም ባለቤትዎ የረገጡት መንገድ ነው። እሳቸው መሪ፣ እርስዎ ደግሞ ያልተከፈለ ዕዳ ከፋይ ይሆናሉ። «እዚህ ጋ ጥሩ ካፌ አለ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» እየተባሉ 40 ቀን መሄድን አልመኝልዎትም።

ሁለታችሁም የማታውቁት መንገድ ምረጡ። ከፖርቱጋል በኩል የሚመጣው መንገድ እስፔን የሚገባው ሚኞ ወንዝ ዳር ባለችው ቱይ ነው፤ ከዚያ ሳንቲያጎ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እንደ ፒሬኔና ዙቢሪ የሚያሰቃይ ቁልቁለት የለበትም። ሬዶንዴላ፣ ፖንቴቬድራ፣ ካልዳስ፣ ፓድሮን እያሉ ይደርሳሉ። ፓድሮን ላይ የሐዋርያውን አስከሬን ያመጣው ጀልባ ታስሮበታል የሚባለውን ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሳያሉ። ሌላው በአምስት ስድስት ቀን የሚጨርሰውን እናንተ በአሥር ቀን ሂዱት፣ በቀን 12 ኪሎ ሜትር። ማን ያባርራችኋል? ጡረታ ወጥታችኋል እኮ።

ቦርሳውን ከማደሪያ ማደሪያ የሚያመላልሱ አሉ፣ ለአንድ ቀን መንገድ ጥቂት ዩሮ ነው የሚያስከፍሉት። ለእሱ መክፈል ሽንፈት የሚመስላቸው ከሆነ ባለቤትዎ የራሳቸውን ይሸከሙ፤ የእርስዎ በመኪና ይሂድ። ማደሪያ ደግሞ አስቀድሞ የሚያዝ፣ ለሁለት ሰው የሆነ ክፍል ይሁን። ቀድሞ ለደረሰ አልጋ የሚሰጡት፣ አልቤርጌ የሚባሉት የሕዝብ ማደሪያዎች ፈጣኑን ሰው የባሰ ያስቸኩሉታል፤ «አልጋ ሊያልቅብን ነው» የሚለው ፍርሃት ባለፈው ጊዜም ከቁጣው ጀርባ ሳይኖር አይቀርም።

ስለ አካሄዱ አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፣ እሱም ከላይ ካለው ሒሳብ የወጣ ነው። ዕረፍት የሚቆጠረው ኋላ ያለው ሰው ቦርሳውን ካወረደበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ። ባለቤትዎ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ይህን ሕግ ይወዱታል፤ የጊዜ ሰሌዳ ይመስላል። መለያየትም ክልክል አይሁን። ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻቸውን ቀድመው ይሂዱ፣ እርስዎም ብቻዎን ይሂዱ፤ ሁለት ሰው አሥር ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ከዋለ ወሬው ያልቅና ሰበብ ፍለጋ ይጀመራል። የት እንደምትገናኙ ግን ሳትነሱ በስም ይባል።

«ግዴለም»ን ደግሞ በቁጥር ይተኩት። መጦሪያ ውስጥ «ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብለው ስንቱን ጠይቀዋል? አሁን ለራስዎ ይመልሱ። «ሦስት ነው» ካሉ መንገድ ይቀጥላል፤ «አምስት ነው» ካሉ የቀኑ መንገድ እዚያው ያበቃል፣ ታክሲ ይጠራል፣ ክርክር የለም። ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም፤ ከሁለት መቶ ሜትር ርቀትም ጮክ ብሎ መናገር ይቻላል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ እዚያው ከተማችሁ ይሞክሩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዝ ዳር ስድስት ኪሎ ሜትር፣ አንድ ካፌ መሀል ላይ። ባለቤትዎ ካፌው ጋ ቀድመው ደርሰው፣ እርስዎ ሲመጡ ተቀምጠው ከቆዩ፣ ያን ጊዜ ስለ ቱይ ያውሩ። ጉልበትዎን ግን ከዚያ በፊት ሐኪም ይየው፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ በየትኛው በኩል እንደሚያም ለይተው ይንገሩት፣ ስለ መራመጃ ዘንግም ይጠይቁት። ጫማም ከባለፈው ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን እግር ያብጣል። ሳንቲያጎ ያለችበት ጋሊሲያ በሚያዝያም በግንቦትም ዝናብ አያጣትምና የዝናብ ልብሱን ከቦርሳው በላይ አድርገው ይያዙት፤ ከታች ከሆነ ሁሉን ነገር መንገድ ዳር ዘርግፎ መፈለግ ይመጣል።